መስከረም የምትመልሰው እግር

ጡረታ ያወጣኝ ቀኝ ጉልበቴ ነው እንጂ ልቤስ ገና ሥራ ላይ ነው። ጉልበቴን ግን ለማንም አልነገርኩም። "እንግዲህ ለወጣቶቹ ልልቀቅ" ብዬ በክብር ወጣሁ። ታዲያ ሰው መንገድ ላይ አግኝቶኝ "ዘነቡ፣ አሁን ምን ትሠሪያለሽ?" ሲለኝ "ቁጭ ብያለሁ" የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ሳስነሳ ኖሬ እኔ በምን አንጀቴ ነው የምቀመጠው?

ለሥራዬ ስም ማውጣት ሰውን ይቸግረዋል። ጎረቤቶቼ "አስታማሚ" ይሉኛል። አስታማሚ አልጋ ሥር ቁጭ ብላ የታመመ ሰው ትጠብቃለች። እኔ አዛውንቶችን ከቤት አወጣለሁ። ልጆቻቸው ሲቀጥሩኝ "እማዬን አጫውቺልን፣ አባዬን አጫውቺልን" ይሉኛል፤ እኔም አጫውታለሁ፣ ግን ደጅ ላይ። ከየካ ሚካኤል በላይ ካሉት አሮጌ ቤቶች ጀምሮ እስከ ታች አስፋልቱ ድረስ ብትጠይቁ፣ ክንዴን ይዞ ፀሐይ ያልሞቀ ሽማግሌ ብዙ አታገኙም። ይህን ስል እየተኩራራሁ ነው። ልኩራራ እንጂ፣ ማን ይከለክለኛል?

የሥራችን ወራት መስከረምና ጥቅምት ናቸው፤ ቢበዛ ኅዳርን እንጨምራለን። ለምን ብትሉ፣ ክረምት እግር ይወስዳል። ሐምሌና ነሐሴ የየካ አቀበት ጭቃ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ ያንሸራትታል። ሽማግሌው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሲል ሁለት ወር ይሞላዋል። ጳጉሜን ስትገባ ሊነሳ ሲል እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ያን ጊዜ የሚያስወጣው ሰው ካገኘ ይመለስለታል። ካላገኘ ግን የሚቀጥለው ክረምት አልጋ ላይ ነው የሚያገኘው። አስተማሪዬ እንዲህ ይሉ ነበር፦ "ክረምት የወሰደውን እግር መስከረም ትመልሳለች። መስከረምን ያሳለፈ ሰው ግን ከርሞ አይጠይቃት፣ አታውቀውም።" ስለዚህ ሰዎች ሽርሽር ነው የሚሉትን ነገር እኔ ሽርሽር ብዬው አላውቅም።

አስተማሪዬ እትዬ አሰለፈች ናቸው። ዘንድሮ፣ እኔ ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው መስከረም፣ ከቤት አልወጣም ያሉትም እሳቸው ራሳቸው ሆኑ። ወይ ጉድ! አገር ምድሩን ከአልጋ ያስነሱ ሴት! የምነግራችሁ ታሪክ መጨረሻው እዚያ ነው፤ መጀመሪያ ግን እሳቸውን እወቁልኝ።

እትዬ አሰለፈች ዕድሜያቸውን በሆስፒታል በረዳትነት የሠሩ፣ የስንቱን ገላ ያጠቡ፣ ረጅም ቀጭን ሴት ናቸው። ከሆስፒታል ሲወጡ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ሆነው አንዲት ትንሽ የአዛውንት መደገፊያ ማኅበር አቋቋሙ። እኔ ያኔ የምሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተዘግቶ ሥራ ፈትቼ ነበር። በር ላይ አገኙኝና "ትዕግሥት አለሽ?" አሉኝ። "የለኝም" አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር። "ጥሩ፤ ትዕግሥት ያላት ሴት ሽማግሌ ስታይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ነይ" ብለው ይዘውኝ ሄዱ።

የመጀመሪያ ቀን አንዲት አሮጊት ደረጃ ልትወርድ ስትል ሮጥኩና ክንዷን ያዝኩ። እትዬ አሰለፈች እጄን መታ አደረጉት። በኋላ ለብቻዬ ሲያገኙኝ፣ "የሰው ክንድ አትያዢ። ክንዱ የሚያዝ እስረኛ ነው። ክርንሽን አጠፍ አድርገሽ ስጪና ዝም ብለሽ ቁሚ። ሲፈልጉ እነሱ ይይዙሻል" አሉኝ። "ባይዙኝስ?" "ትቆሚያለሽ።" "እስከ መቼ?" "እስኪይዙሽ ነዋ! ሥራሽ ምን ሆነና?" ሞክሩት። ክርን ዘርግቶ ዝም ማለት ከባድ ነገር ነው። አፍ ይበላል። ና፣ ነይ፣ ይምጡ፣ አይዞዎት ማለት ያምራል። እኔ ለመማር ሁለት መስከረም ፈጅቶብኛል።

ሌላ ልማድ ነበራቸው። ሰው ከማውጣታቸው በፊት በዋዜማው መንገዱን ብቻቸውን ይሄዱታል። የት ድንጋይ እንደወለቀ፣ የት ዝናብ ቦይ እንደቆረጠ፣ የትኛው ግቢ ውሻ እንዳለው ያያሉ። ከሁሉ በላይ ሽንት ቤት ይፈልጋሉ። ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት ላይ ሱቅ ያላትን አንዲት ሴትዮ ወዳጅ ያደረጓት ለዚህ ነው። ሳሙናም ሻማም ከእሷ ነው የሚገዙት፤ ከታች በርካሽ እያለ እንኳ። "እትዬ፣ ይህን ሳሙና ተሸክመው ነው የሚወርዱት?" ስላቸው፣ "ሳሙና መሰለሽ የገዛሁት?" አሉኝ።

ዱካዋ ደግሞ አለች። ሦስት እግር ያላት፣ በጠፍር የተሠራች፣ ከዶሮ የማትከብድ ዱካ። በገመድ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ጋቢያቸውን ከላይ ደረብ ያደርጋሉ፤ ማንም አያያትም። መንገድ መሐል ሽማግሌው ማለክለክ ሲጀምር "ደክሞዎታል፣ ይረፉ" አይሉም። እንዲህ ያለውን ቃል ከሰማ ሽማግሌ ሞቶ ይገኛል እንጂ አይቀመጥም። እሳቸው ራሳቸው ቆም ይሉና "ኧረ ደከመኝ!" ይላሉ። ዱካዋን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው መሬት ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ "ግን እርስዎ ሳይቀመጡ አልቀመጥም" ይላሉ። ሽማግሌውም "እንግዲህ ለአንቺ ብዬ ነው" ብሎ ይቀመጣል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልነግራችሁም፤ አንድም ቀን ግን ሲከሽፍ አላየሁም።

እኔ ደግሞ የራሴ የምለው ስልት አለኝ፤ ከእሳቸው የተማርኩትን አሻሽዬ ነው። ሽማግሌን "ልርዳዎት" አትበሉት፤ "እርዱኝ" በሉት። እማማ ጫልቱን ያወጣሁት በዚህ ነው። እማማ ጫልቱ ዛሬ ፎቅ የቆመበት መሬት ላይ ገብስና ባቄላ ሲያመርቱ የኖሩ ሴት ናቸው። እርሻው ካለቀ ወዲህ ከልጃቸው ቤት ጓሮ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። "የእኔ ደጅ ጠፍቷል፤ የት ነው የምወጣው?" ነበር መልሳቸው። አንድ የጥቅምት ጠዋት ሄጄ "እማማ፣ እሸት ልገዛ ፈልጌ ገበሬዎቹ ያታልሉኛል፤ የደረሰውን ካልደረሰው አልለይም" አልኳቸው። ዓይናቸው ተገለጠ። "አንቺ ባቄላ አታውቂም?" "አላውቅም።" "ስንት ዓመትሽ ነው?" "አይጠይቁኝ!" ዱላቸውን አነሱ።

የእንጦጦ ጀርባ ላይ ዛሬም ቁራጭ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች አሉ። እማማ ጫልቱ ከባለማሳው ጋር በኦሮምኛ ጀመሩት፤ ጭቅጭቅ ይሁን ሰላምታ አላወቅኩም፣ ብቻ ሁለቱም ይስቃሉ። ከዚያ ማሳው ውስጥ ገቡ። የባቄላውን ዛላ እየጨበጡ፣ አንዱን ትተው አንዱን እየፈለፈሉ፣ ለእኔ እያጎረሱ ዳር እስከ ዳር ሄዱ። በቤታቸው ከመኝታ እስከ በር መሄድ ያቃታቸው ሴት! ሲመለሱ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው በጤዛ ርሶ ነበር፤ ልጃቸው አይታ ተቆጣችኝ። ቁጣዋን ጠጣሁት፣ ጣፈጠኝ። እማማ ጫልቱ ከዚያ በኋላ በየጥቅምቱ "እሸት አላማረሽም?" እያሉ እሳቸው ናቸው የሚያስጠሩኝ።

አለቆች መጥተው ሄደዋል። ስለ ደመወዙም ስለ ፊርማው ብዛትም አላወራም፤ ሁለቱም እንቅልፍ ያመጣሉ። አንዱን ብቻ ላንሳ። ብሩክ የሚባል ልጅ አስተባባሪ ሆኖ መጥቶ "ፎቶ፣ ፎቶ" እያለ እትዬ አሰለፈችን ያበግናቸው ነበር። "ሽማግሌን እንደ ሙሽራ ምን ያስቆመዋል?" ይሉታል። ልጁ ግን እውነት ነበረው። አዛውንቶቹ አደይ አበባ መሐል ቆመው የተነሱትን ፎቶ ሲያዩ አበዱ። ለካስ ራሳቸውን ደጅ ላይ ካዩ ስንት ዘመናቸው! አንዱ ሽማግሌ ፎቶውን ከሠርጉ ፎቶ አጠገብ ሰቀለው። እትዬ አሰለፈችም በኋላ ብሩክን "በል አንተ፣ የእኔንም አንሳ" አሉት። ሽንፈታቸውን የሚያውቁ ሴት ናቸው።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ።

ጋሽ ንጉሤ የሚባሉ፣ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ንጹሕ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ከልጃቸው ከሰብለ ጋር ይኖሩ ነበር። በመስከረም ጀምረን ከበር እስከ ሱቅ፣ ከሱቅ እስከ የካ ሚካኤል ቅጥር፣ ቀስ በቀስ እግራቸውን መለስን። ጥቅምት ሲገባ "ዘነቡ፣ በዘመነ ጽጌ አንድ ቀን እንጦጦ ማርያምን አሳይኝ፤ የተጠመቅሁት እዚያ ነው" አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። መንገዱን በዋዜማው ሄድኩት። ሱቅ ላላት ሴትዮ ነገርኩ። ብርዱን ፈርቼ ጋቢ ያዝኩ፤ ፀሐይዋ ጠንከር እስክትል ጠብቄ ወሰድኳቸው።

ዳገቱን ግማሹን በታክሲ ወጥተን የቀረውን በእግር ጀመርን። እኔ ከኋላቸው አንድ እርምጃ ዝቅ ብዬ ነው የምሄደው፤ ዳገት ላይ ደንቡ ይህ ነው። የባሕር ዛፉ ጥላ ደስ ይላል። እየሄድን ሳለ ንግግራቸው ቀነሰ። "ውሃ ልስጥዎት?" አልኳቸው፤ "ኋላ" አሉኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከዛፉ በላይ ሲታይ ቆም ብለው ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ። ጎንበስ እንዳሉ አልተነሱም። ክርኔን ዘርግቼ ነበር፤ እጃቸው ግን ወደ ክርኔ ሳይሆን ወደ አየር ሄደ። ግንባራቸው ድንጋይ መታ። ያን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ።

እንጨት ይዘው የሚወርዱ ሰዎች ተረባርበው ተሸከሙልኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ሰብለ መጣች። "ምን አብልተሻቸው ነበር?" አለችኝ። "ቤት ቁርስ የበሉ መስሎኝ…" "የጽጌን ጾም ይጾማሉ እኮ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም! እንዴት አታውቂም?" "አልነገሩኝም።" "የፈቃድ ጾም ለማን ይነገራል?" አለች። እውነቷን ነው። የጽጌ ጾም የታዘዘ አይደለም፤ ሰው ወዶ፣ ተደብቆ ነው የሚጾመው። ጋሽ ንጉሤ ያን ሁሉ ዳገት በባዶ ሆድ የወጡት ሚስጥራቸውን ከእኔ ለመጠበቅ ነው። እኔም ድንጋዩንና ውሻውን ሁሉ ሳይ ሰውየውን አላየሁም።

ቁስሉ ዳነ። ሰብለ ግን ሁለተኛ በሩን አልከፈተችልኝም፤ ልፈርድባት አልችልም። ከሌሎች አዛውንቶች ጋር በዚያ ሳልፍ ጋሽ ንጉሤ በመስኮት ያዩኝና እጃቸውን ያነሱልኝ ነበር። የሚቀጥለው ክረምት እግራቸውን ወሰደ፤ መስከረም መጣች፣ የሚያስወጣቸው አልነበረም። ቀብራቸው ላይ ከሁሉም ኋላ ቆሜ አለቀስኩ። ያንገበግበኛል፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጋሽ ንጉሤ የወደቁ ሰሞን ሥራውን ልተወው ነበር። እትዬ አሰለፈች በጠዋት ቤቴ መጡ። አልተቆጡኝም፤ አላጽናኑኝምም። ዳቦ አወጡ፤ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀዱ፤ አንዱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "ብዪ" አሉኝ። በላሁ። "ጠጪ።" ጠጣሁ። "አየሽ፣ አሁን ስለ አንቺ ሁለት ነገር አወቅኩ። ጾም አይደለሽም፤ ውሃም አትፈሪም። ሰው ጾሙን አይናገርም፤ ሽንት እንደሚያስቸግረውም አይናገርም። ጠይቀሽ አታገኚውም። ከመውጣትሽ በፊት አብረሽ ብዪ፣ አብረሽ ጠጪ። ዳቦውን ከገፋው ጾም ነው፤ ያን ቀን ግቢ ውስጥ ፀሐይ አሙቂው። ውሃውን ከንፈሩን ብቻ አስነክቶ ካስቀመጠው መንገድ ላይ እንዳያመልጠው ፈርቷል ማለት ነው። ያንን ፍርሃት ሳታነሺለት አንድ እርምጃ እንዳትሄጂ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ዳቦና ውሃ ሳላካፍለው ይዤ ወጥቼ አላውቅም። አንድም ሰው ደግሞ በእጄ ላይ አልወደቀም። ጋሽ ንጉሤ ናቸው የከፈሉልኝ።

እንግዲህ ዘንድሮ። መስከረም እንደጠባ የእትዬ አሰለፈች የእህታቸው ልጅ ሊያ ደወለችልኝ። "ሲሪየስ ነው እኮ! ከሐምሌ ጀምሮ በረንዳ እንኳ አይወጡም። ደመራውን ከመስኮት ነው የማየው ብለዋል" አለችኝ። ሰማንያን ያለፈ ሰው አንድ መስከረም ቤቱ ከዋለ ምን እንደሚመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ያውም እያወቁ!

በማግሥቱ ሄድኩ። ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ጸጉራቸው ተሠርቷል፣ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው። "እትዬ፣ መጋረጃ ልገዛ ነውና ቀለም ይምረጡልኝ" አልኳቸው። ሳቁብኝ። "ዘነቡ፣ እኔ ጫልቱ ነኝ? የራሴን ወጥ ለእኔ ታቀርቢልኛለሽ?" አሉ። አፍሬ ወጣሁ።

ሌላ ቀን ከእንጦጦ አደይ አበባ ለቅሜ ይዤ ሄድኩ። "ይህን ያገኘሁበት ቦታ ቢያዩት! ምድሩ ቢጫ ሆኗል" አልኳቸው። "ያምራል፤ ውሃ ውስጥ አድርጊልኝ" አሉና ወሬ ለወጡ። ክርኔን አጥፌ አጠገባቸው ቆምኩ። ቆምኩ፣ ቆምኩ። "ይደክምሻል፤ ነገርኩሽ" አሉኝ። አንጀቴ አረረ! የማውቀው ሁሉ የእሳቸው ነው፤ በምን ልርታቸው?

ደመራውም አለፈ። ከመስኮት አዩት። አደይ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም፤ ጥቅምት ሲገባ መርገፍ ትጀምራለች። አልቅሼ አደርኩና በማግሥቱ፣ ፌስታሌን እንደ ልማዴ ለመንገድ ሞልቼ፣ ግን ምንም የማግባቢያ ስልት ሳልይዝ ዳቦ ገዝቼ ሄድኩ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁ፤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ዳቦውን በሉ። ጾም አይደሉም። ብርጭቆውን አነሱ፤ ከንፈራቸውን አስነኩና አስቀመጡት።

አየሁ። ማየቴንም አዩ።

"እትዬ…"

"ዝም በይ" አሉኝ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "በሐምሌ ነው። ማኅበር ላይ። ልነሳ ስል አመለጠኝ፤ ሁሉም ሰው ፊት። ማንም ምንም አላለም፤ አለማለታቸው ነው የገደለኝ። እኔ እኮ የሰው ገላ ሳጥብ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ዘነቡ። ስንቱን 'ምንም አይደል፣ ያለ ነው' ብያለሁ። ለራሴ ስለው ግን እምቢ አለኝ።" እትዬ አሰለፈች ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ምን ልበላቸው? "ምንም አይደል" እንዳልል የእሳቸው ቃል ነው። እጃቸውን ያዝኩና አብሬያቸው አለቀስኩ፤ ሌላ ያደረግኩት የለም። ከዚያ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠርገው ቀና አሉ፤ ድምፃቸው የጥንቱ የአለቃ ድምፅ ሆነ።

"መንገዱን ቀድመሽ አይተሻል?"

"ትናንት ሄጄ መጥቻለሁ።"

"ሱቅ ያላት ሴትዮ አለች?"

"አለች። ሽንት ቤቷን በሲሚንቶ አሠርታዋለች፤ ከእኔ ቤት ይሻላል። ቁልፉን ለእኛ ብላ ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች።"

"እስከዚያ ድረስስ? ታክሲው ቢቆም?"

"ከመነሻው ነዳጅ ማደያው አለ፤ ሽሮ ሜዳ ላይ ደግሞ አንድ ምግብ ቤት። ሁለቱንም አነጋግሬያለሁ።"

"ቅያሪ ልብስ?"

"በፌስታል ይዣለሁ። ለእርስዎም ለእኔም።"

"ለአንቺ ደግሞ ለምን?"

"እትዬ፣ እኔም እኮ ስድሳን ካለፍኩ ቆየሁ።"

አዩኝ። ከዚያ ሳቅ ፈነዳባቸው፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "አይ አንቺ! ለካ አንቺም አርጅተሻል!" አሉ። ብርጭቆውን አንስተው እስከ ሥሩ ጠጡት። እኔም የእኔን ጠጣሁ። ተነስቼ ክርኔን አጠፍኩና ቆምኩ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ ምላሴን ነክሼ ነው የቆምኩት። እጃቸው መጣ። ቀልሎ የመጣ እጅ፣ ክርኔ ላይ ሲያርፍ ግን ከባድ ነበር።

"ጋቢዬን ልልበስ" ብለው ሊያን ጠርተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ቆይተው ወጡ።

ታክሲ ስንገባ ረዳቱ "ማዘር፣ ቀስ ይበሉ" አለና ወደ እኔ ዞሮ "ያዣቸው እንጂ!" አለኝ። እትዬ አሰለፈች "እኔ ነኝ እሷን የያዝኳት! ጡረታ ወጥታ ቤት ልትቀር ስትል ነው ያወጣኋት" አሉት። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ቀልድ መስሎኝ።

ሱቅ ላላት ሴትዮ ሰላምታ ሰጠን፤ ቁልፉም ሚስማሩ ላይ ነበር። ደግሞም አስፈለገን፣ ለሁለታችንም። ከዚያ በእግር ቀጠልን። እሳቸው በዱላቸውና በክርኔ፣ ቀስ እያሉ፣ ነፋሱን በአፋቸው እየቀመሱ። ከባሕር ዛፉ ወጥተን ሜዳው ላይ ብቅ ስንል አደዩ ገና አልረገፈም። ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነው፤ ከታች ከተማው ጭጋጉን አራግፎ ይታያል። እትዬ አሰለፈች ቆሙ። "ተመስገን" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

እኔ ግን ጉልበቴ እሳት ሆኖብኝ ነበር። ቀኙ። ዳገቱን በሙሉ ጥርሴን ነክሼ ነው የወጣሁት። እንዳያውቁብኝ ፊቴን ወደ ከተማው አዙሬ "ነፋሱ ደስ ይላል" ምናምን እላለሁ። ፌስታሌ ውስጥ ለእሳቸው ያመጣኋት ዱካ አለች፤ ላወጣት ጎንበስ ማለት ራሱ አቃተኝ።

"ኧረ ደከመኝ!" አሉ ከኋላዬ።

ዞር አልኩ። ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። ያቺ ባለ ጠፍር ዱካ፣ ያቺው የጥንቷ፣ ገመዷ ትከሻቸው ላይ። በግራ በኩል ነው ያንጠለጠሏት፤ እኔ በቀኛቸው ሆኜ ያን ሁሉ መንገድ አላየኋትም። አውርደው አደዩ መሐል አስቀመጧት፤ በእጃቸው አቧራዋን ጠረግ አደረጉላት።

"ግን አንቺ ሳትቀመጪ አልቀመጥም" አሉኝ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ምንም…"

ክርናቸውን አጥፈው ዘረጉልኝና ዝም ብለው ቆሙ።

ያዝኩት። ተቀመጥኩ።